ዝናብ በቀረበት ክረምት የተፈተነ ጂኦመምብሬን፦ ከሚንጃር የተጻፈ ግምገማ

ለኩሬ የሚነጠፈውን፣ ነጋዴውም ገበሬውም ጂኦመምብሬን የሚለውን ጥቁር ፕላስቲክ ዝናብ በጠገበ ዓመት መገምገም ቀላል ነው፤ ኩሬው በየሳምንቱ ስለሚሞላ ሰርጎ የጠፋውንም ሆነ ተንኖ የጠፋውን ውሃ ማንም አያስተውልም። ይህ ግምገማ የተጻፈው ግን ዝናቡ ሰኔ ላይ ደህና ጀምሮ ሐምሌ ሲገባ ከተቋረጠበት፣ ደመናው እያንዣበበ ሳይጥል ከሚያልፍበት፣ ፀሐይዋም የበጋውን ያህል ከምታቃጥልበት ክረምት በኋላ ነው። ቦታው ሰሜን ሸዋ፣ ሚንጃር ሸንኮራ ወረዳ፣ ከአረርቲ ከተማ ብዙም የማይርቅ ቀበሌ ነው።

ሚንጃር ነጭ ጤፍና ሽምብራ የሚያበቅል፣ ሜዳው ለዓይን የሚማርክ፣ ውሃው ግን የራቀ አገር ነው። የከሰም ወንዝ በጥልቅ ገደል ውስጥ ስለሚያልፍ ሜዳው ላይ ለሚኖር ገበሬ ከማየት ያለፈ ጥቅም የለውም፤ የከርሰ ምድር ውሃውም ጥልቅ በመሆኑ በእጅ የሚቆፈር ጉድጓድ በብዙ ቦታ አያዋጣም። ኩሬ ቆፍሮ የክረምቱን ጎርፍ ማጠራቀም የቆየ ልማድ የሆነው ከዚህ የተነሣ ነው። ከ1994ቱ ድርቅ በኋላ በየገበሬው ጓሮ ኩሬ እንዲቆፈር በመንግሥት ዘመቻ ሲካሄድ፣ በአማራና በትግራይ ብዙ ቦታ የተቆፈሩት ኩሬዎች ውሃ መያዝ አቅቷቸው የከብት መውደቂያ ጉድጓድ ሆነው ቀርተዋል። ሚንጃር ላይ ግን ብዙዎቹ ፕላስቲክ ተነጥፎባቸው የሽንኩርት ችግኝ ማፍያ ስለሆኑ ልማዱ ሥር ሰደደ፤ ዛሬም በወረዳው ስለ ኩሬ ሲነሣ ሽንኩርት ሳይነሣ አይቀርም።

ፕላስቲኩ ለምን እንዳስፈለገ ለመረዳት አፈሩን ማየት ይበቃል። መረሬው ሲርስ ያብጣል፣ ሲደርቅ ደግሞ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ይከፍታል። ያልተነጠፈ ኩሬ ሞልቶ እስካለ ድረስ ደህና ይይዛል፤ ውሃው ዝቅ ሲል ግን ከላይ የደረቀው ግድግዳ ይሰነጠቅና ቀጥሎ የሚመጣው ጎርፍ በስንጥቁ ሾልኮ ይጠፋል። ስለዚህ ዝናብ እየቆራረጠ በሚጥልበት ዓመት፣ ማለትም ኩሬ ከሁሉ ይልቅ በሚያስፈልግበት ዓመት፣ ባዶ አፈር ከሁሉ ይልቅ ያሳፍራል። ጂኦመምብሬን ይህን ችግር በትክክል ይፈታል። በዚህ በኩል ያለኝ ምስክርነት ምንም ማወላወል የለበትም፤ ውሃው ወደ ምድር አልሰረገም።

የገዛሁት ለላይኛው አፍ 10 ሜትር በ10 ሜትር፣ ለታችኛው ወለል 4 ሜትር በ4 ሜትር፣ ጥልቀቱ 3 ሜትር ለሆነ ኩሬ ነው። እንዲህ ያለው ኩሬ እስከ አፉ ሲሞላ 156 ሜትር ኩብ ይይዛል። የግድግዳው ተዳፋት በየጎኑ 4.2 ሜትር ያህል ስለሚሆንና ዳርና ዳሩ በቦይ ውስጥ የሚቀበር አንድ አንድ ሜትር ትርፍ ስለሚፈልግ፣ የሚገዛው ፕላስቲክ በግምት 14.5 ሜትር በ14.5 ሜትር፣ ማለትም 210 ካሬ ሜትር ነው። ብዙ ሰው የኩሬውን አፍ ብቻ ለክቶ 100 ካሬ ሜትር ይዤ ልሂድ እያለ ገበያ ይወጣል፤ ነጋዴውም ሳያርመው ይሸጥለታል፤ ጉድለቱ የሚታወቀው ፕላስቲኩ ጉድጓዱ ውስጥ ከገባ በኋላ ነው።

የውፍረቱ ጉዳይ ሰፋ ያለ ማብራሪያ ይፈልጋል፤ በገበያው ውስጥ ትልቁ ማታለያ ያለው እዚህ ላይ ነውና። ለቤተሰብ ኩሬ በብዛት የሚቀርበው ባለ 0.5 እና ባለ 0.75 ሚሊ ሜትር ነው። በዓይንና በጣት ልዩነቱን መለየት ለሠለጠነ ሰው እንኳ አስቸጋሪ ነው፤ በሚዛን ግን ምንም አያስቸግርም። ጥሩው ዓይነት ፖሊኤቲሊን ከውሃ ትንሽ ቀለል ስለሚል፣ ባለ 0.5 ሚሊው በካሬ ሜትር 470 ግራም ያህል፣ ባለ 0.75ቱ ደግሞ 700 ግራም ያህል ይመዝናል። እኔ ከሄድኩበት መደብር “ባለ ዜሮ ነጥብ ሰባት አምስት” ተብሎ የቀረበልኝ 210 ካሬ ሜትር ወደ 148 ኪሎ መምጣት ሲገባው፣ አጠገቡ ባለው የእህል ነጋዴ ሚዛን ላይ ሲወጣ 100 ኪሎ እንኳ በቅጡ አልሞላም። ሻጩ በመጀመሪያ ሚዛኑን ወቀሰ፣ ቀጥሎ ፋብሪካውን ወቀሰ፣ በመጨረሻ በባለ 0.5 ዋጋ ሰጠኝ። የመደብሩን ስም አልጠቅስም፤ በሌሎችም ዘንድ ተመሳሳይ ነገር እንዳለ ከጎረቤቶቼ ሰምቻለሁና አንዱን ብቻ ማንሣት ፍትሐዊ አይሆንም። ሚዛን ግን አይርሱ።

ያው ሻጭ ፕላስቲኩን ሲጠቀልልልኝ “ወንድሜ፣ ይህን ከዘረጋህ በኋላ ዝናብ ቢቀርም አትሰጋም” ብሎኝ ነበር። ሸቀጡ መልካም ነው፣ ይህ አባባል ግን ሐሰት ነው፤ ምክንያቱን ወደ ታች አስረዳለሁ።

አነጣጠፉን በአጭሩ ልለፈው። ድንጋይና ሥር ተለቅሞ፣ ግድግዳው በጭድ ጭቃ ተለስኖ፣ ወለሉ ላይ ያረጀ የማዳበሪያ ከረጢት ከተነጠፈ ባለ 0.5ቱም ሳይበሳ ይቀመጣል። ሰዓቱ ግን ወሳኝ ነው። ጥቁር ፕላስቲክ በቀትር ይለጠጣል፣ ሌሊት ይሰበሰባል፤ በቀትር ወጥሮ የነጠፈ ሰው ሌሊት ሲቀዘቅዝ መጋጠሚያው ላይ ኃይል ያበዛበታል። በጠዋት ወይም ፀሐይ ካዘቀዘቀች በኋላ፣ ማዕዘኖቹ ላይ ትንሽ እጥፋት እየተዉ ላላ አድርጎ መንጠፍ ይበጃል።

አሁን ወደ ክረምቱ ልመለስ። በሰኔ መጨረሻ የጣሉት ሁለት ዶፎች ኩሬውን ከአፉ አንድ ሜትር ያህል አጎድለው ሞሉት፤ ከዚያ በኋላ ሐምሌ ሙሉ የወረደው አቧራ እንኳ የማያረጥብ ካፊያ ነበር። ሦስት ሜትር ጥልቀት ካለው ኩሬ አንድ ሜትር ሲጎድል ማንም ሰው “ሲሶው ጎደለ” ይላል። ነገር ግን ኩሬው ወደ ታች እየጠበበ ስለሚሄድ ከግማሽ በላይ የሚሆነው ውሃ ያለው ላይኛው አንድ ሜትር ውስጥ ነው፤ ስለዚህ 156 ሜትር ኩብ የሚይዘው ኩሬ ድርቁን የተቀበለው በ75 ሜትር ኩብ አካባቢ ነው።

ይህ ውሃ ማን እንደሚጠጣው ሲታሰብ አስገራሚው ነገር ይገለጣል። በእንዲህ ያለ ሙቀትና ነፋስ ክፍት ውሃ በቀን ከ5 እስከ 7 ሚሊ ሜትር ይተናል። አንድ ሜትር የጎደለው ኩሬ የውሃ ገጹ 64 ካሬ ሜትር ስለሆነ፣ 6 ሚሊ ሜትር ብለን ብንወስድ በቀን 384 ሊትር፣ ማለትም ባለ 20 ሊትር ጀሪካን 19 ያህል ወደ ሰማይ ይሄዳል። በሌላ በኩል በሙቀት ጊዜ አንድ በሬ ወይም ላም በቀን ከ30 እስከ 40 ሊትር፣ አህያ 15 ሊትር ያህል፣ በግና ፍየል በነፍስ ወከፍ 4 ሊትር ገደማ ይጠጣሉ፤ ሁለት በሬ፣ አንዲት ላም፣ አንድ አህያና ስድስት በግና ፍየል ላለው ቤት ድምሩ 150 ሊትር አካባቢ ነው። ፀሐይ ከከብቶቹ ሁሉ ከሁለት እጥፍ በላይ ትጠጣለች ማለት ነው። ጂኦመምብሬን የሚዘጋው የምድርን አፍ ብቻ ነው፤ የላይኛው አፍ ክፍት ነው፣ ስለዚህኛው አፍ ደግሞ ሻጭ አንዲት ቃል አይተነፍስም። ጎረቤታችን የሆኑ አንዲት እናት በቀትር ሊጠይቁን መጥተው ኩሬውን ሲያዩ፣ “ልጄ፣ ይህን ሁሉ ደክመህ ያጠራቀምኸው ለፀሐይ ልትገብር ነው እንዴ?” ያሉኝ ከማንኛውም የመደብር ማብራሪያ የተሻለ ምክር ነበር።

መክደኛውን የሠራነው በሐምሌ አጋማሽ ነው። ከዳር እስከ ዳር ሽቦ ተወጥሮ፣ በላዩ የማሽላ አገዳ በገመድ እየተጠፈረ ተደረደረ። የ10 ሜትር ስፋት ለባሕር ዛፍ አጣና ይበዛል፤ አጣናው መሐሉ ላይ ይጎብጣል፣ ከተሰበረም ፕላስቲኩን ይቀደዋል፤ ሽቦው የተመረጠው ለዚህ ነው። የውሃውን መጠን በገመድ ላይ በታሰረ ምልክት ስንከታተል ቆይተናል፤ ለከብትና ለችግኝ የተቀዳው ከተቀነሰ በኋላ መክደኛው ትነቱን በግማሽ ያህል አሳንሶታል። በግማሽ ከተባለ፣ የውሃው ገጽ ሳይጠብ እንደነበረ ቢቆይ፣ በሦስት ወር ውስጥ ወደ 17 ሜትር ኩብ ውሃ ይተርፋል ማለት ነው፤ ከላይ የጠቀስኳቸው ከብቶች በሦስት ወር የሚጠጡት 13.5 ሜትር ኩብ ነው። ውሃው ሲቀነስ ገጹ ስለሚጠብ የሚተርፈው ከዚህ ቢያንስም፣ በአገዳና በሽቦ የሚገኘው ውሃ ከሞላ ጎደል ከብቶቹን ይችላል። የጥላ መረብ መግዛት ለሚችል ሰው የተሻለ ነው፤ አገዳው ነፋስ በመጣ ቁጥር እየተነቀለ ውሃው ውስጥ ይወድቃል፣ የወደቀውም ይበሰብሳል።

አዲስ ለሚቆፍር ሰው የምሰጠው ምክር ከዚህ ይነሣል። አራት ማዕዘን እኩል የሆነው ኩሬ በብዙዎች ዘንድ የተለመደ ቢሆንም ለመክደን አይመችም። ጠበብ ብሎ ረዘም ያለ ኩሬ ለተመሳሳይ ውሃ ጥቂት ተጨማሪ ፕላስቲክ ይበላል፣ ነገር ግን ከጎን ወደ ጎን በአጭር እንጨት ይከደናል።

ወደ እርሻው ስንመጣ ሻጩ የገባልኝ ተስፋ የት ላይ እንደሚፈርስ ይታያል። በሚንጃር ጤፍ የሚዘራው በሐምሌ ነው፤ ዘንድሮ በዚያው ወር ዘሩ አቧራ ውስጥ ተኝቶ ቀረ። ኩሬ ያለው ሰው ሁሉ “ማሳዬን ላጠጣ” የሚል ፈተና ይመጣበታል። ሒሳቡ ይኸውና፦ ሩብ ሄክታር ማሳ በቀን 5 ሚሊ ሜትር ውሃ ይፈልጋል ቢባል 12,500 ሊትር ነው፤ 75 ሜትር ኩብ በስድስት ቀን አለቀ ማለት ነው፣ ጤፉ ደግሞ ለመድረስ ገና ብዙ ይቀረዋል። በእኛ መንደር ይህን የሞከሩ ሰዎች ነበሩ፤ ጤፉም ቀረ፣ ፍልሰታ ሳይፈታም ከብቶቻቸውን ውሃ ፍለጋ ሩቅ መንዳት ግድ ሆነባቸው። እነርሱን መውቀስ አይቻልም፤ ዓይኑ እያየ ዘሩ ሲደርቅ እጁን አጣጥፎ የሚቀመጥ ገበሬ የለም። ነገር ግን የቤተሰብ ኩሬ ለሰብል ድርቅ መድኃኒት ተብሎ መሸጡ መቆም አለበት።

ኩሬው የሚያዋጣው ጥቂት ውሃ ብዙ ዋጋ በሚያወጣበት ቦታ ነው፤ ይህም በሚንጃር የሽንኩርት ችግኝ ነው። 100 ካሬ ሜትር የችግኝ መደብ በቀን 600 ሊትር ያህል ይጠጣል፤ ችግኙ ለመነቀል እስኪደርስ በ50 ቀን 30 ሜትር ኩብ ይሆናል። መደቡ ላይ በደረቅ ሣር ጉዝጓዝ ተደርጎ፣ ውሃውም በማለዳና በምሽት ብቻ በቀዳዳ ቆርቆሮ ሲረጭ ከዚህም ያነሰ በቃው። ዝናቡ በመቅረቱ ችግኝ ያፈላው ሰው ጥቂት ስለነበር፣ ታች ቆላው ላይ የመስኖ ውሃ ያላቸው ገበሬዎች ደጃችን ድረስ እየመጡ ገዙ። ከጤፍ የታጣውን ሁሉ መለሰ አልልም፤ ለዓመት የሚሆን እህል ግን ከዚያ ገንዘብ ተሸምቷል። ለከብት፣ ለችግኝና ለልብስ አጠባ ተቀድቶም መስከረም ሲጠባ ወለሉ ላይ ውሃ ነበር።

ነቀፌታ ወደሚገባው ልለፍ። የመጀመሪያው የመጋጠሚያው ስፌት ነው። ፕላስቲኩ በመደብሩ የተበየደው ከሁለት ቁራጭ ነበር፤ ከውሃው በላይ ቀርቶ ቀኑን ሙሉ ፀሐይ በሚመታው ማዕዘን ላይ፣ ሙቀቱ በበረታበት ሳምንት፣ ስፌቱ አንድ ክንድ ያህል ተከፈተ። ውሃው ከዚያ በታች ስለነበር ጉዳት አላደረሰም፤ ኩሬው ሞልቶ ቢሆን ኖሮ ግን ግድግዳው ከጀርባው ረጥቦ ይናድ ነበር። መደብሩ ባለሙያ እልካለሁ እያለ ክረምቱ አለፈ። ይህን ፕላስቲክ በጎማ ማስቲሽ መለጠፍ ከንቱ ድካም ነው፤ ምንም ዓይነት ተራ ማጣበቂያ አይዘውም፣ የሚጠገነው በሙቀት ብየዳ ብቻ ነው። ስለዚህ ሲገዙ መጋጠሚያው ቢያንስ አራት ጣት ተደራርቦ መበየዱን ይመልከቱ፣ ጫፉንም በጠመንጃ መፍቻ ከዳር እስከ ዳር እየገፉ ይሞክሩት፤ የሚገባ ከሆነ አይቀበሉ።

ሁለተኛው ከሁሉ የሚያሰጋው ነው። እርጥብ ጂኦመምብሬን እጅግ ያንሸራትታል፤ ውስጡ የወደቀ ልጅ ወይም ጥጃ መውጫ የለውም፣ ዋና የሚችል ጎልማሳ እንኳ ተዳፋቱን መውጣት ያቅተዋል። በድርቅ ጊዜ ደግሞ የተጠማ እንስሳ ሁሉ ወደ ኩሬው ይሳባል፤ የጎረቤት ፍየል አጥር ዘልላ ገብታ ያወጣናት በስንት መከራ ነው። ሸቀጡን የሚሸጡ ሰዎች ስለዚህ አደጋ አንድም ማስጠንቀቂያ አለመስጠታቸው በእኔ ግምት ከስፌቱም የባሰ ጥፋት ነው። የእሾህ አጥርና ቁልፍ ያለው በር ያስፈልጋል፤ በተጨማሪም በአራቱም ጎን፣ ከዳር ባለ ችካል ላይ ታስሮ እስከ ወለሉ የሚወርድ ባለ ቋጠሮ ወፍራም ገመድ መኖር አለበት።

የወባ ትንኝም ጉዳይ አለ። ክፍት የቆመ ውሃ በሞቃት ወራት መራቢያዋ ነው፤ መክደኛው ቀንሶልናል እንጂ አላጠፋውም፣ አጎበሩ ከአልጋ አይወርድም። ውሃው ለመጠጥ የታሰበ አይደለም። ሌላ አማራጭ የጠፋበት ቤት በነጠላ አጥልሎ፣ አፍልቶ ወይም በውሃ አጋር አክሞ መጠቀም ይኖርበታል፤ ከጎርፍ የመጣ ውሃ የከብት እዳሪና የማሳ መድኃኒት ጠራርጎ እንደሚገባ ግን መዘንጋት የለበትም።

ደለሉን በተመለከተ ጥፋቱ የሸቀጡ አይደለም። ከመግቢያው በፊት ትንሽ የደለል ማጥመጃ ጉድጓድ ያልቆፈረ ሰው በየዓመቱ ጭቃ በአካፋ ለመዛቅ ይገደዳል፣ አካፋው ደግሞ ፕላስቲኩን ይበሳዋል። በብረት ባልዲ መቅዳትም እንዲሁ ነው። የእኛ የችግኝ መደብ ከውሃው ገጽ ዝቅ ያለ ቦታ ላይ ስለነበር በቀጭን ጎማ እየሳብን ያለ ነዳጅና ያለ ባልዲ ወደ በርሜል እናወርደው ነበር፤ የቦታው አቀማመጥ ለሚፈቅድለት ከዚህ የሚሻል መሣሪያ የለም።

ዋጋው በየወሩ ስለሚቀያየር በብር መናገሩ ለአንባቢ አይጠቅምም፤ ለእኛ የፕላስቲኩና የቁፋሮው ወጪ ተቀራራቢ ነበር፣ ሽቦውና አጥሩ ሲጨመሩ ደግሞ ፕላስቲኩ ከጠቅላላው ወጪ ከግማሽ በታች ሆኗል። ስለዚህ ገንዘቡ ሁሉ ለፕላስቲኩ ብቻ ለሚበቃው ሰው መልሴ “ቆይ” ነው፤ ያልተከደነና ያልታጠረ ኩሬ ከመያዝ አነስ ያለ ኩሬ ቆፍሮ ከድኖና አጥሮ መያዝ ይሻላል። አቅሙ ላለው ግን፣ በተለይ ከብት ላለውና ችግኝ ማፍላት ለሚችል፣ ያለ ጥርጥር ይግዛ እላለሁ፤ ከተቻለ ባለ 0.75ቱን፣ ቀለሙ ከዳር እስከ ዳር አንድ ወጥ ጥቁር የሆነውን፤ ፀሐይን የሚያስችለው በውስጡ የተደባለቀው ጥቁር ካርቦን ነውና ግራጫ ወይም ሰማያዊ የሆነው ለዝናብ መከለያ እንጂ ለኩሬ አይሆንም።

በሚገዛበትም ጊዜ ከዚያው ጥቅል ሁለት ካሬ ሜትር ትርፍ ቁራጭ ተጠይቆ ይያዝ፤ ከሌላ ዓይነት ፕላስቲክ የተቆረጠ መጣፊያ ብየዳውን እንቢ ይላል። ደረሰኙ ላይ ውፍረቱ በሚሊ ሜትር፣ ክብደቱም በኪሎ ይጻፍ፤ “ጂኦመምብሬን 1 ጥቅል” ብቻ የሚል ደረሰኝ ስፌት የተከፈተ ዕለት ለክርክር አይበቃም።